የቤተ ሰብ ዐምድ፤ በወረርሽኝ ዘመን ስለ ገበያና ስለ ትርኢት



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ መንደሮች ጢስ ሲጤስ ታያላችሁ። ልጆች የዐይናቸውን እንባ እየጠረጉ «ይህ ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፤ ትልልቆቹ «ኅዳር ሲታጠን ነው» ብለው ያልፉአቸዋል። ምክንያቱን ዘርዝሮ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፤ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ የነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በዚሁ ደዌ ታመው ነበር፤ ዳኑ እንጂ። ሕዝቡም ደዌውን «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ቆሻሻን ከየግቢው ሰብስቦ የማቃጠሉም ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው ይባላል። ያ በሽታ በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ጢሱ እንደማያባርረው ዛሬ እናውቃለን፤ እንዲያውም ደረቱ ለደከመ ሽማግሌ ጢሱ ራሱ ጕዳት ነው። ግቢውን የሚጠርገው ክንድ ግን ይመስገን።

ከዚያ ዘመን 101 ዓመት ቈይቶ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፤ ያን የኅዳር ታሪክ ከአያቶቹ የሰማ ሁሉ ልቡ ደነገጠ። ከሁለት ቀን በፊት የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ገልጾ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ታላላቅ ስብሰባዎች እንዲቀሩ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ መጨባበጥም ቀረ፤ «ሁለት የዐዋቂ እርምጃ» የሚለው ቃል በሰው ሁሉ አፍ ገባ። የቴአትርና የሲኒማ ቤቶች በሮች ተዘጉ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል ብዙው ምእመን በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለው። ቀድሞ የበዓል ባዛርና የሙዚቃ ድግስ ይደረግበት የነበረው የሚሌኒየም አዳራሽ በዚያው ዓመት አንድ ሺህ ያህል አልጋ ተዘርግቶበት የሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ዘፋኝ ይቆምበት በነበረው ስፍራ ሐኪም ቆመ።

ያ ሁሉ አልፎአል። የዓለም የጤና ድርጅትም የአስቸኳይ ጊዜውን መግለጫ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶአል። ታዲያ ዛሬ ስለ ምን እናነሣዋለን? ጣራ የሚከደነው ዝናብ ሳይመጣ በበጋ ስለ ሆነ ነው። በትንፋሽ የሚተላለፍ ሌላ ደዌ አይመጣም ብሎ የሚዋስ የለም፤ በየክረምቱ የሚዞረው ጉንፋን እንኳ በዕድሜ ለገፉት ቀላል አይደለም። የሕክምናውን ነገር ለሐኪሞች ትተን፤ በዚህ ዐምድ የምንመለከተው የቤት ጉዳይ ነው። በደዌ ዘመን ልብሳችንን የሚሠራልን ሸማኔ፤ በትርኢቱ ደስ የሚያሰኘን ባለ ሙያ፤ በመንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥልን እናት ምን ይበላሉ? እኛስ እነርሱን ሳንተው በቤታችን ያሉትን አረጋውያን እንዴት እንጠብቃለን?

በመጀመሪያ ጠላትን ማወቅ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በየደጁ የውኃ ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጦ ነበር። መልካም ልማድ ነበረ፤ ለሌላ ብዙ ደዌ መድኃኒት ነውና እንደ ቀረ ባይቀር እንወድ ነበር። ነገር ግን ወራት እየገፉ ሲሄዱ፤ ኮሮና ከዕቃና ከገንዘብ ይልቅ በተዘጋ ቤት ውስጥ በሚንሳፈፍ ትንፋሽ አብዝቶ እንደሚተላለፍ ሊቃውንቱ ተረዱ። ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ደጋግሞ የተነገረ አንድ ታሪክ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፤ በስካጊት አውራጃ 61 መዘምራን ለልምምድ ተሰበሰቡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በአንድነት ዘመሩ። ከመካከላቸው የሕመም ስሜት እንደ ነበረው የታወቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱም ዐረፉ። ክፉ ነገር የሠራ ከመካከላቸው አልነበረም። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዘምር ሰው ከሚያወጋ ሰው ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ያወጣል፤ ብዙም ይስባል፤ ክፍሉ የተዘጋ፤ ጊዜውም የረዘመ ሲሆን አንዱ ያወጣውን ሌላው ይስበዋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ ይህን የተረዳች የቤት እመቤት በሌላ ሰው ምክር ሳትጠበቅ ብዙ ነገር ለራስዋ መፍረድ ትችላለች። አዳራሹ መስኮት አለውን? የሚቆዩበት ጊዜ ስንት ነው? ታዳሚው ዝም ብሎ የሚያይ ነው ወይስ አብሮ የሚጮኽ? በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ወይም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ትያትር የሚያይ ሰው በጸጥታ ይቀመጣል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ለረዥም ሰዓት ነው፤ ይህ መልካም አይደለም። ስለዚህ ደዌ በበረታበት ወራት አዳራሽ መቅረቱ ግድ ነው፤ ረገብ ባለ ጊዜ ደግሞ ወንበር እየዘለሉ መቀመጥ፤ አፍና አፍንጫን በደንብ በሚገጥም ጭምብል መሸፈን፤ በዕረፍቱም ሰዓት ወደ ደጅ ወጥቶ አየር መቀበል ይበቃል። ጭምብሉን ከአገጭ በታች አንጠልጥሎ መግባት ግን ጃንጥላን አጥፎ በዝናብ እንደ መሄድ ነው፤ ይህን በዚያ ዘመን በየታክሲው አይተነዋል።

ደግሞም የሀገራችን ትርኢት አብዛኛው የአደባባይ ነው፤ ይህ በደዌ ዘመን ታላቅ ጸጋ ነው። የመስከረም 2013 ዓ.ም. ደመራ በመስቀል አደባባይ የተሳታፊው ቁጥር ተወስኖ ተከበረ እንጂ አልቀረም። ሰማይ ጣራው በሆነ ስፍራ ትንፋሽ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። ይሁን እንጂ መጋፋት ካለ አደባባዩም አዳራሽ ይሆናል፤ ከፊት ለመቆም ከመሽቀዳደም ከኋላ ቆሞ ሕፃኑን በትከሻ ማንሣት ይሻላል። ሕፃኑም ከዚያ ሆኖ ይልቁን አስፍቶ ያያል።

በቤት ግቢ ስለሚደረግ ትንሽ ትርኢትም እናስብ። በገና አሥር አውታር ያለው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፤ ለብዙ ሰው ጫጫታ ሳይሆን ለጥቂት ሰዎች ጸጥታ የተመቸ መሣሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት አንድ በገና ደርዳሪ ወደ ግቢ ተጠርቶ በዛፍ ጥላ ሥር ቢደረድር፤ የሁለት ቤት ጎረቤቶች ወንበር ወንበራቸውን ይዘው ተራርቀው ቢቀመጡ፤ ከአዳራሽ የሚጎድል ምን አለ? ደርዳሪውን ግን «ለጽድቅህ ነው» ብለን ባዶ እጁን አንስደደው። ደመወዝ ያለው ተዋናይ በሩ ሲዘጋ ደመወዙን ይጠብቃል፤ በየምሽቱ ባገኘው የሚያድር አዝማሪና ሙዚቀኛ ግን በሩ በተዘጋበት ምሽት ይራባል። አዝማሪን በወረቀት ብር ግንባሩ ላይ እየለጠፉ የመሸለም ልማዳችን በደዌ ዘመን ሊቀር ይገባዋል፤ ግንባሩ እንደ ላበ፤ እጃችንም ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ከሁሉም በላይ ፊት ለፊት ፊትን ማስጠጋት ነውና። ሽልማቱ ግን አይቅር፤ በሳሕን ይቀመጥለት ወይም በስልክ ይላክለት።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ከጥንት የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋዎች የመጡ ናቸው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ አድርጎ ተቀምጦ፤ ድሩን ከፊቱ ዘርግቶ፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ማጉን ያስገባል። ከእርሱ በፊት ጥጡን የዳመጠች፤ ባዘቶውን ያወጣች፤ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች፤ ከእርሱ በኋላም ልብሱን የሚሰፋ፤ የሚሸጥም አለ። እንግዲህ አንድ ጋቢ ስንገዛ የአንድ ሰው ሳይሆን የአራትና የአምስት ቤት ማድጋ እንሞላለን። ይህም ሥራ በወር በወር እኩል የሚሄድ አይደለም። ገበያው እንቁጣጣሽና መስቀል፤ ገናና ጥምቀት፤ ፋሲካና ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው የሰርግ ወራት ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይደረግ ሸማኔው ጾሙን በሙሉ ለሰርጉ ወራት ሲሠራ ይከርማል፤ ለዚያም ፈትሉን በዱቤ ያመጣል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን አስቡት። በሽታው የተነገረው በጾሙ ወራት ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ የታወጀው ፋሲካ 11 ቀን ሲቀረው ነበር። ሰርግ ሁሉ ተላለፈ፤ የታዘዘ ልብስም በእንጨቱ ላይ ቀረ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰው «ሰርጉ ቀርቶአልና ቀብዴን መልስልኝ» ብሎ ወደ ሸማኔው ላከ። በሕግ ቢከራከር ምናልባት ይረታ ይሆናል። ነገር ግን ቀብዱ በሸማኔው ኪስ የለም፤ ፈትል ሆኖ ድሩ ላይ ተዘርግቶአል። እንዲህ ያለው ሰው የሚጠይቀው ገንዘቡን ሳይሆን የሸማኔውን የልጆቹን እራት መሆኑን ልብ አላለም። ሌሎች ደግሞ ያደረጉት እንዲህ ያለ ነው፤ በስልክ ደውለው፦

«ጋሼ፤ እንደምን ሰነበቱ? ሰርጉ ተላልፎብናል፤ ልብሱ ግን አይቅርብን። ቀብዱ በእጅዎ ይቆይ፤ ሥራው ሲያልቅ ይደውሉልኝና ቀሪውን እልካለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እትዬ። ድሩን ዘርግቼው ነበርና እንዴት ላደርገው ነው እያልሁ ነበር። ቸኩለው እንዳይመጡ፤ ለሰርጉ እስኪደርስ በንጽሕና አስቀምጠዋለሁ።»

ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልብስ እንደ ሥጋ የሚበላሽ ነገር አይደለም፤ ሰርጉ በሚቀጥለው ዓመት ቢሆን ልብሱ ይጠብቃል። በእርግጥ በዚያ ወራት የራሱ ሥራ የቆመበት፤ ኪሱ የተራቆተ ገዥም ነበረ፤ እርሱን ማንም አይወቅሰውም፤ እርሱም ቢሆን ችግሩን ገልጾ ግማሹን በቀጠሮ ቢቀበል ሁለቱም ይተርፋሉ። ወቀሳው ደመወዙ ሳይጓደል ቤቱ ተቀምጦ ለሚከርመው ነው። ስለ ዋጋ መከራከርም እንዲሁ። በደህና ቀን መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ሻጩም ገዥውም ይጫወቱበታል፤ ገበያ በሞተበት ቀን ግን ሻጩ ከኪሳራ በታች እንኳ «ይሁን» እንደሚል እያወቁ እስከ መጨረሻው መጫን ጭካኔ ነው።

አገዛዙስ እንዴት ይሁን? በበዓል ዋዜማ መርካቶ መውረድ በደህናው ቀን እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፤ በሥራ ቀን በማለዳ፤ ከቤት አንድ ሰው ብቻ፤ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ ይውጣ። እናትና አክስት፤ ልጆችም ተከትለው፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ማማረጥ ደስታ ያለው ነገር መሆኑን አልዘነጋንም፤ ደዌው እስኪያልፍ ግን ይቆይ። ሽሮ ሜዳ በመንገድ ዳር ፊታቸው ክፍት የሆኑ ሱቆች አሉ፤ ከእነዚህ መግዛት ወደ ጠባብ የውስጥ ክፍል ገብቶ ልብስ ከመለካት ይሻላል። ቁመትና ወገብን በቤት ለክቶ መሄድ ነው።

የዕለት ቀለብን በተመለከተ ብዙ ሰው ተሳስቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጉሊት አስፈሪ፤ በመስታወት የተዘጋው ሱፐርማርኬት ግን ንጹሕና አስተማማኝ መስሎት ወደዚያ የተጋፋ ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት ነገሩ ግልባጩ ነበረ። ጉሊት የምትሸጠው እናት ከነፋስ መካከል ተቀምጣለች፤ ከእርስዋ ዘንድ የምንቆመው ሽንኩርቱ እስኪመዘን ነው። ሽንኩርቱ ይላጣል፤ ቲማቲሙ ይታጠባል። የከተማውም አስተዳደር ይህን የነፋስ ነገር ሳያስብበት አልቀረም፤ በፒያሳ ተጨናንቆ የነበረውን አትክልት ተራ በዚያው ዓመት ወደ ሰፊው ጃን ሜዳ አዛውሮት ነበርና። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ደግሞ የታቦታቱ ማደሪያ እንዲጸዳ ያ ገበያ ከጃን ሜዳ መነሣት ነበረበት። ብዙ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነበር፤ እዚህ አንገባበትም።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል። በወረርሽኙ መካከል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም.፤ የብር ኖቶች ተለውጠው ባለ ሁለት መቶ ብር ኖትም ተጨምሮ ነበር። ሰው አሮጌውን ኖት በሳሙና ሊያጥብ ምንም አልቀረው፤ አሮጌውን በአዲስ ለመለወጥ በየባንኩ ደጅ የተጋፋው ሰልፍ ግን ከኖቱ እጅግ የሚያስፈራ ነበር። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነውና በመጀመሪያው ዓመት አልደረሰልንም፤ ዛሬ ግን ብዙ ሸማኔና የጉሊት ነጋዴ በስልኩ ይቀበላል። ይህ በደዌ ዘመን ትልቅ እፎይታ ነው። ስልክ የሌላት ጉሊተኛ ብትኖር ግን ጥሬ ብር ሰጥቶ እጅን መታጠብ ነው እንጂ እርስዋን ማለፍ አይገባም።

በየቤቱ ያሉ አረጋውያንን ነገር ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ወራት አያቶቻችንን እንጠብቃለን ስንል አንዳንዶቹን በክፍላቸው ዘግተን ከደስታ ሁሉ አራቅናቸው። ለነጠላዋ ጥለት ስትመርጥ የኖረች እናት ልጅዋ ያመጣላትን ብቻ እንድትለብስ መደረጉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእርስዋ ግን ትንሽ አልነበረም። ሸማኔው ወይም ነጋዴው ሁለት ሦስት ነጠላ ይዞ ወደ ግቢ ቢመጣ፤ እርስዋ በረንዳ ላይ፤ እርሱ ከደጅ አጥሩ አጠገብ ሆኖ ጭምብሉን አድርጎ ቢዘረጋላት፤ የጥለቱን ቀለም በፀሐይ ብርሃን አይታ ትመርጣለች፤ ከፈለገችም ትከራከራለች፤ ለእርስዋ ይፈቀድላታል። ይህ የማይቻል ሲሆን የልጅ ልጅ በስልክ ፎቶግራፍ ያሳያት፤ ቀለም በስልክ መስታወት ላይ እንደሚለወጥ ግን አስቀድሞ ይነገራት፤ አለዚያ ቁጣው ለልጁ ይተርፋል። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ጉሮሮውን የከረከረው እንደ ሆነ በዚያ ቀን አይውጣ፤ ከአያቱም ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥ።

የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚወድ ቤተ ሰብ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ዕድል አለው። ሥዕል በባሕርዩ በዝምታ የሚታይ ነው፤ ደውሎ ሰዓት አስይዞ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ገብቶ ማየት ይቻላል። ዋናው ሥዕል ለኪስ ቢከብድ ትንሹን ንድፍ መግዛት ሠዓሊውን የወር ቀለም ያስችለዋል።

መጻሕፍትንም አንርሳ። በአዲስ አበባ አሮጌ መጻሕፍትን በመንገድ ዳር የሚሸጡ ሰዎች የትኛው መጽሐፍ በየት እንደሚገኝ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የአንዱን ስልክ ይዞ የፈለጉትን መጠየቅና በመልእክተኛ ማስመጣት ነው። ለምሳሌ የከበደ ሚካኤልን «የትንቢት ቀጠሮ» ያስመጣ ቤተ ሰብ የትያትር ቤት በር በተዘጋበት ምሽት ሥራ አያጣም። ድርሰቱ በትያትር መልክ የተጻፈ ነውና ቃሉን ተከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል። አባት አንዱን ሰው ይሁን፤ ታላቂቱ ልጅ ሌላውን ትሁን፤ ማንበብ ያልቻለው ትንሹ መጋረጃውን ይክፈት ይዝጋ። አያትም ከወንበራቸው ሆነው ያነበበውን ያሞግሱ፤ የተንተባተበውን «ከራስ ጀምር!» ይበሉት።